አንኳኩቶ መግዛት

ቅጽ ላኩልኝ ለዐውደ ርእይ፣ ባለ ማኅተም፣ ከአዲስ አበባ፤
ስም፣ ዋጋ፣ ቁመት ከነወርዱ፣ እስከ ዓርብ ተሞልቶ ይግባ፤
ከሥር ደግሞ «የሥራሽ መነሻ» ይላል፤ ለሱ ሦስት መስመር ቦታ።
ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ፣ ከቀትር እስከ ማታ።

ክፍሌ ከጎሚስታው ጀርባ ነው፣ የጋራ ግድግዳችን ስስ፤
እሱ ቸርኬ ሲቀጠቅጥ የኔ ሳህን ያወራል በለሆሳስ።
ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ በቆርቆሮው ሾልኮ ይገባና
ያልደረቀ ገንቦ ይነክሳል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋና
ጠዋት ስመጣ አንገቱ ላይ አንድ መስመር፣ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር፤
ሦስት ቀን ያቆምኩት ዕቃ በአንድ ሌሊት ወደ አፈር።

መጀመሪያ ተሳደብኩ።
ኋላ ካከራየችኝ ሴትዮ የመንዝ ባና ተዋስኩ፤
እንደ አራስ ልጅ ጠቅልዬ አሳደርኩ።
ስገልጠው ሱፉ በጭቃው ቆዳ ላይ ታትሟል፤
ክሩ፣ ድሩ፣ ፈታይዋ የዘነጋችው ቋጠሮ ሳይቀር ተጽፏል።
አሁን ያየው ሰው ሁሉ «ይህን መልክ እንዴት አሰብሽው?» ይለኛል።
አላሰብኩትም፤ በርዶት ነው።
ይህ ለቅጽ ይሆናል?

ወይስ ስለ አረንጓዴው ቅብ ልጻፍ፣ ስለ እልፍነሽ ምድጃ አመድ፤
የገብስ ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድ ላይ ሲነድ።
ልትደፋው ስትል ለምኜ ነበር የወሰድኩት፤ አሁን
በጣሳ ዋጋ ቆረጠችለት፣ ሳህኔን አይታ ይሆን?

ወይስ ስለ ጣርማበር፤ የአውቶብሱ ሞተር ግሎ የቆምን ዕለት
ጉሙ ገለጥ ሲል ያየሁት ገደል፣ ድንጋይ በቋሚው የተሰደረበት፤
ግማሹን አየሁ፣ ረዳቱ «ግቡ!» አለ፣ ቀሪውን ጉም በላው።
ለዚህ ነው ማሰሮዬ አንድ ጎኑ ጥርብ፣ ሌላው ልሙጥ የሆነው።

ይህን ሁሉ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ።
የምሸሸውን አውቃለሁ።

አክስቴ ዘርትሁን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገንቦዋን በገለባ አሥራ
ከገበያው ጫፍ ትቀመጥ ነበር፣ ከሰው ረድፍ ወጣ ብላ በስተግራ።
ገዢ ይመጣል፤ ጣቱን አጥፎ የገንቦውን ሆድ ያንኳኳል፤
ጆሮውን ጣል አድርጎ ደህናውን ከስንጥቁ ይለያል፤
«ቀፍ» ያለበትን ትቶ ይሄዳል።
የተስማማው ብሩን መሬት ላይ ይጥልላታል፣ እጇ እጁን እንዳይነካ፤
ዓይኗ እንዳያርፍበት ልጁን በጋቢው ይከልላል፤
በሷው ድስት ሊያበላው ለካ።
አንድ ቀን ሳንቲሟን ከአቧራው እየለቀመች፣ ፈገግ እያለች፣
«ሰውም ቢንኳኳ ኖሮ፣ ስንቱ ቀፍ ባለ!» አለች።

አራት ዓመት ሥነ ጥበብ ስማር፣ «እጅሽን ማን አፍታታው?» ሲሉኝ
የመምህሬን ስም ጠራሁ።
ስትሞት ፈተና ነበረኝ፤ ለሠልስቷ ደረስኩ።

አምና የኔን ገንቦ በነጭ ጓንት አንስተው
መስታወት ውስጥ አኖሩት፤ አጠገቡ ጽሑፍ፦ «አይነካም»።
ይህን ቃል ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤
ያኔ ለዕቃ አልነበረም።

መሸ። መብራት ጠፋ፤ ምድጃው ሰባት መቶ ዲግሪ ላይ ቆመ፤
ነገ ስከፍተው እንጃ፣ የትኛው ተርፎ የትኛው ታመመ።
በስልኬ ብርሃን አንዱ መስመር ላይ «ዘርትሁን» ብዬ ጻፍኩ፤
ሁለቱን ባዶ ተውኩ።
ከመደርደሪያው ባናው የታተመበትን ሳህን አንስቼ
ጣቴን አጥፌ፣ እንደ ገዢ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ
አንኳኳሁ።

ከግድግዳው ማዶ ጎሚስታው፣ የጠራሁት መስሎት፣
ሁለት ጊዜ መልሶ አንኳኳ።