ከግራ እግሯ ሥር

እኔና እሷ፣ ሂርማታ፣ ከአወል ሱቅ በረንዳ፣
አርባ ክረምት ሰፋን፣ ለአገሬው፣ ለእንግዳ።

በወርቅ ቀለም ነበር ስሟ ካንገቷ የተጻፈው፣
ክንዴ ነው ፊደል በፊደል እያሻሸ ያጠፋው።
ሁለት ቀርተዋል፣ ከመጨረሻው። ማንበብ የማይችለው
እንደኔ ያለ ሰው ግን ስሟን በድምጿ ነው የሚያውቀው።

ጠባይ አላት፤ በየሰባት ጥቅሙ አንድ ጊዜ
ተንፈስ ትላለች እንደ ሰው፣ እንደያዘው ሰው ትካዜ።
በጥፍር ውፍረት ያጥራል፣ ከቀኙ፣ የግራ እግሯ፤
የክብሪት ቀፎ ካልሸጎጡበት ይበጠሳል ክሯ።
መዘውሯ ወደ ራስ ነው፤ ወደ ፊት አይገፏትም፤
አንዴ የተቆጣች እንደሆን እስከ ማታ አትታረቅም።
ይህን ማን ያውቃል? እኔና ያስተማረኝ አባ ዲጋ፣
በበቅሎ ጭኖ ከጅሬን ያወረዳት በአንድ በጋ።

የጆንያ አፍ ስትሰፋ ውላ፣ ቡና በደረሰ ኅዳር፣
ማታ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ዘምዝማለች ዳር እስከ ዳር፤
መርፌ ብቻ ተቀይሮላት።
አንድ ልብስ ግን አልሰፋችም፦ ከፈን። ከፈን ክር የለውም።
ለአባ ዲጋ፣ በሞተ ቀን፣ ምንም አላደረገችለትም።

የጅማ ዝናብ በረንዳ አያከብርም፤ በጎን ሲገባ
ኮቴን ለሷ ነው የማለብሰው። እኔማ ቆዳ አለኝ፤
እሷ ብረት ናት፤ ዝገት ሆዷ እንዳይገባ።

ዘንድሮ ዓይኔ ከዳኝ፤ አንዱ መርፌ ሁለት ሆነ፣
ክሩ በየትኛው ቀዳዳ ይግባ? ጣቴም ባከነ።
ፎዚያ፣ ልጄ፣ «ይብቃህ፣ አባ፤ ትሸጥ» አለች። ሸጥኳት።
ቢሽሼ ላለች ሲቲና። ብሩን ቆጠረች፤ በጋሪ ጫንኳት።
ሁሉን ነገርኳት፤ የዘይቷን ቀን፣ የመርፌዋን ቁጥር፤
የክብሪቷን ቀፎ ግን በኪሴ ይዤ ሄድኩ፣ እንደ ምስጢር።
ረስቼ አይደለም።

ለአስር ሶላት ስወጣ መንገዴ በአጥሯ በኩል ነበር፤
አጭር መንገድማ አለ፤ ግን ጭቃ ነው፤ ክረምት አይደል? ይቅር።
ከቆርቆሮው ጀርባ ሰማኋት። ትክ ትክ ትክ ትክ፣ ብጥስ።
ሲቲና ክር ስታስገባ ዝም፤ ከዚያ ደግሞ፣ ብጥስ።
ደስ አለኝ። አላህ ይየው፣ ደስ አለኝ የዚያን ቀን፤
እንቢ አለቻት፣ አልኩ፣ የኔዋ። እንቢ አለች ሌላ እጅን።
በማግስቱም ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን
ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ሰማሁ ስትራገም መኪናዋን፦
«የሰው እቃ! ቆራሌው በመጣና በገላገለኝ!»

ቆራሌው።

በኪሴ ያለችው ቀፎ የጎን አጥንቴን ወጋችኝ።

አንኳኳሁ። «አባ ፎዚያ? ምነው፣ በደህና?» መልስ አልሰጠኋት፤
ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ከፔዳሏ ይብስ ሲንቋቋ አልደበቅሁት፤
ከግራ እግሯ ሥር፣ ቀፎውን እጥፍ አድርጌ ሸጎጥኩት።
«አሁን በይ ርገጪ፤ መዘውሩን ወደ ራስሽ።» ረገጠች።
አምስት። ስድስት። ሰባት። ተንፈስ አለች።
ደግሞም ቀጠለች።

«ይህን ነው የደበቁኝ?» አለች ሲቲና፤
ሳቀች፤ አፍሬ ቆምኩ። የተተረተረ ኪሴን አየችና፣
«ያውልቁት» አለች ኮቴን፤ «በሱ ልሞክራት፤ እንይ።»
ተቀመጥኩ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በደንበኛ በርጩማ ላይ።
እጄን የት እንደማኖረው ጠፍቶኝ፤ እግሬ ብቻ ከሥር
ፔዳል የሌለበትን ወለል ይረግጥ ነበር፣ ይረግጥ ነበር።

ሒሳብ ጠየቅኋት። ሃያ ብር አለች፤ አልቀነሰችልኝም።
ደግ አደረገች።

ኪሴ አሁን ባዶ ነው። ማታ ማታ ግን እጄን ከትቼበት
ጥቅሙን እቆጥራለሁ፤ በየሰባቱ አንዲት ጠባብ ክፍተት፣
ትንፋሿ ያለፈባት።