እስከ አጥሩ ድረስ

አባቴ ዘበኛ፣ ያቃቂ ምሰሶ፣
ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላ ተንተርሶ፣
ከሽቦው አጥር ሥር ሌሊቱን ያነጋል፤
ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዘፋኝ ይቆጥራል።

ከባቡሩ ወርደው በጭቃ ይመጣሉ፤
አስካለ ክራሯን በነጠላ ጠቅልላ፣
«እርጥበት ከነካው ክሩ ነው ሚላላ»፤
ሙሴ ሐጎፕ ኋላ አኮርዲዮን አዝሎ፣
እግሩ ባዳለጠው ቁጥር ሳጥኑ «እህ» ብሎ፤
ቱሉ ከዱከም ነው፣ ዋሽንቱ በብብቱ፣
የተዋሰው ኮት ነው፣ ይረዝማል ከቁመቱ፤
ስንሻው መጨረሻ፣ ማሲንቆው ከፊቱ።

ክፍሏ ጠባብ፣ ግድግዳዋ ብርድ ልብስ፣
ቀይ መብራት ሲበራ ማሳል የለም፣ ማስነጠስ።
አንድ ብረት ቆሟል፣ ራሱ እንደ ወንፊት፣
ሩብ ሰዓት ለክራር፣ ሩብ ሰዓት ለዋሽንት፣
የዱከሙ ዜማ፣ የጎንደሩ፣ የአርመኑ፣
አንዱ ባንዱ ሳይስቅ በአንድ ገበታ ሆኑ።

አንድ ቀን ባቡሩ በአስካለ ዜማ መሃል
ፊሽካውን ቢነፋ፣
«ያቺ አዲሷ መሣሪያ ማን ይሏታል?»
ብሎ ጠየቀ አሉ የከተማው ሰው በይፋ።

ስንሻው ግን ጭንቅ አለው።
ጠጅ ቤት ነው ያደገው፤
ግጥም የሚነግረው፣
ሰክሮ የሚወርፈው፣
ግንባሩ ላቡ ላይ ብር የሚለጥፈው
ሰው ነው የለመደው።
ወንፊቱ አይስቅ፣ አይሳደብ፣ «ተቀበል» አይል።
ሲብስበት አንድ ዕለት
«አንተ የብረት ጌታ፣ ፊትህ የማይታይ፣
እየሰማኸኝ ነው፣ ወይስ ተኝተሃል ወይ?»
ብሎ ገጠመበት።
ሹሙ ከመስታወት ጀርባ እጁን አወናጨፈ፤
ምን ያደርጋል፣ ቃሉ አጥሩን አለፈ።

መብራቱ ሲጠፋ ካባቴ ዘንድ መጣ፤
«ደግፌ፣ እንዴት ነበርኩ?»
«ምኑን ሰምቼ፣ ወንድሜ? ከደጅ እኮ ነው የቆምኩ፤
ራዲዮም የለኝ።»
የባቡር ጣቢያውን ሹም ጠየቀ፤ «ቀጠን ብለህ ነበር።»
ባለ ወፍጮውን ጠየቀ፤ «እንደ ጥብስ ነው፣ ቸስ ይል ነበር።»
«አገር የሰማውን እኔ ብቻ ልጣ!»
አለና ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ።
«ከዚህ ላይ ሲነሣ ወዴት ነው የሚሄድ?»
«ናዝሬት ነው ይላሉ፣ ሐረርም ይላሉ።»
«ከዚያስ?»
አባቴ ዱላውን ካንዱ እጁ ወዳንዱ አዛወረ፤
«ከዚያማ አላውቅም። እኔ የምጠብቀው
እስከ አጥሩ ድረስ ነው።»

መሸ። የመጨረሻው ባቡር ሄደ።
ነፋስ ከቃሊቲ ሜዳ ተነሣና
ምሰሶው ማንጎራጎር ጀመረ፣ በወፍራም ቃና።
ስንሻው ጆሮውን ብረቱ ላይ ጣለ፣
ጥቂት ቆየና የማሲንቆውን ጭራ ላላ አደረገ፣
ጠበቅ አደረገ፣ ደግሞ ላላ፣
ምሰሶው ካለበት እስኪደርስ።

ከዚያ ተጫወተ።
ቀይ መብራት የለ፣ ሩብ ሰዓት የለ፤
በዚያን ዘመን ድምፅ የሚያስቀር ክር እዚህ አልመጣም።
የሰማን አባቴና እኔ ነን፤ ውሻውም ነበረ።
ስንሻውም ሰማ።