ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?

የጣሪያውን ሳህን ነፋስ አዙሮት ኖሮ
አንድ የጃፓን ፊልም መጣልን፣ የድሮ፤
ቀለም የሌለበት፣ ጥቁርና ነጭ፣
ውጪ በጠባሴ ሲወርድ የሌት ውርጭ።

ሴትዮዋ ሩዝ ታጥባለች። ባል ጋዜጣ ያያል።
«እ» ይላል፣ ሳይሰማት። ገጹን ይገልጣል።
ጫማውን ያወልቃል፣ ጫማውን ታነሣለች፤
መስኮት ትከፍትና ዝም ብላ ታያለች።
ማንም ሰው አልሞተም፤ ማንም ሰው አልጮኸም፤
ቋንቋውን ባልሰማም አንዲት አላመለጠችኝም።

ወንድይራድ አዛጋ። ካልሲውን አውልቆ
ከሰሉ አጠገብ ዘረጋው ጨምቆ፤
«ቆይ፣ ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?»
«ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አልኩ፤ ግን በሆዴ ነው።

አይማታም። አይጠጣም። ደሞዝ አይደብቅም።
ጎረቤት ሲመርቅ በሱ ነው፤ አልክድም።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ሠራተኛ፣
አንድ ክር የማይጠፋው፤ ቤት ግን አማርኛ
እንደ ስኳር በካርድ የሚያድል በልኬት፤
«ጨው አነሰው» በጠዋት፣ «በሩን ዝጊ» በሌት።
ስሜን ለመጨረሻ የሰማሁት ካፉ
የቤት ቆጣሪዎች ሲጠይቁት፣ ሲጽፉ፤
«ወይንሸት» አለ ቀስ ብሎ፣ ቆም ብሎ እንደማሰብ፣
ካርቶን ላይ የተጻፈ ዕቃ እንደሚያነብ።

በሬሳ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናለቀልቅ
ትናኘ ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ፣ ስትስቅ።
የሷ ይታያል፣ ይጠቁራል፣ ይሽራል በሳምንት፤
የኔን የት ገልጬ ላሳይ? ቆዳ የለው፣ ምልክት።

አንድ ብርድ ልብስ ነው፣ ሁለት ጫፍ፣ ሁለት ሰው፤
እሱ ወዲያ ሲዞር የኔን ጎን ነፈሰው።
ስንጎትተው አደርን፣ ማንም ሳይናገር፤
ያ ነበር ጠባችን። ጨዋታችንም ነበር።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ ሽሮውን ከድኜ
መናኸሪያ ወረድኩ ራሴን ሸፍኜ።
«ሸዋ ሮቢት!» ይላል ረዳቱ በጩኸት፤
እህቴ እዚያ ነች፣ ሙቅ አገር፣ ሽንኩርት የሞላው ቤት።
«የስንት ሰው?» አለኝ፤ «ያንድ» አልኩት፣ የራሴን፤
ቃሏን እንደ ከረሜላ መጠጥኳት መንገዱን።

ጣርማ በር ጉም ነበር። ዋሻው ሲውጠን ጨለማ
መስኮቱ መስታወት ሆኖ አንዲት ሴት አየሁ፣ ደክማ፤
ቀለም የሌለባት፣ ጥቁርና ነጭ፤
ያቺ ባለ ሩዟ፣ ከመስታወቱ ቁጭ
ብላ ታየኛለች። ዋሻው አለቀና
ቆላው ወለል አለ፤ እሷ ጠፋች። ደብረ ሲና።

ቆሎ ሻጮች መጡ፣ መስኮቱን ከበው፤
ወረድኩኝ፣ ቦርሳዬን በደረቴ አቅፌው።
«አልደረስንም እኮ» ረዳቱ አስታወሰኝ፤
«አውቃለሁ» አልኩ እንጂ፣ ምኑም አልታወቀኝ።
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ቆሎዬን፣ በዝምታ፣
ማንም «ጨው አነሰው» ሳይለኝ፣ በደስታ።
ደስታ ነው? እንጃልኝ። ፀሐይም ነበረ፤
ከብርድ አገር የመጣ በሙቀት ሰከረ።
ከዚያ ወደ ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ቆመ፤
ማንም አልገፋኝም፤ እግሬ ቀደመ።

ስመለስ መሽቷል። ቤቱ ጭስ ጭስ አለኝ፤
ድስቱን አሳርሮ፣ ጓዳ ቁጢጥ ብሎ ሲፈገፍግ ጠበቀኝ።
የት ነበርሽ አላለም። «ገባሽ?» አለ። «ገባሁ።»
የተረፈውን ቆሎ ከፊቱ ዘረጋሁ።
አንዴ ቆረጠመና «የደብረ ሲና ነው» አለ፣
አይቶ አይደለም፣ ቀምሶ፣ አንገቱን እንዳዘነበለ።

ከዚያ ወዲያ ዝም። የቆሎ ድምፅ ብቻ።
ሳህኑ ዞሮ ነበር፤ ጣቢያው በረዶ ብቻ።

«ያቺ መስኮት የከፈተችው፣ ምን ሆነች ኋላ?»
(እኔ ተኝቷል ብዬ!)
«ዘጋችው» አልኩ፤ «በረዳት።» ሌላ ምን ልበል፣ ሌላ?

ሌሊት ብርድ ልብሱን ጎተተ። ጎተትኩኝ።
የፋብሪካ ሱፍ ነው፤ አይቀደድም። ነጋብኝ።