ያልተመዘገበች

የእኔ መዝገብ ሁለት ዓምድ አለው፤
በግራ የሚወጣው፣ በቀኝ የሚገባው።
መሐላቸው ቀይ መስመር አለ፣ ደጫቱን የመሰለ፤
ዓመት ሙሉ ውሃ ባይኖረው፣ ከተማ ለሁለት የከፈለ።

ከጣቢያው ማዶ፣ ቆርቆሮው በቀትር ከሚንጣጣው መጋዘን፣
የጨርጨር ቡና በጆንያ፣ ስልሳ ስልሳ ኪሎ ሲመዘን፣
አፉን የምትሰፋው መፍቱሃ ናት።
ስሟ «የተከፈተች» ነው ይላሉ፤ እንጀራዋ ግን መዝጋት፤
በቀን ሁለት መቶ ጆንያ፣ በአሥር የተላላጠ ጣት።
መርፌዋ አንዲት ናት፤ ጫፏ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለች፣
ከታይዋን በሠላሳ ብር የተገዛች።
(ታይዋን ስል ባሕር ማዶ አይምሰልህ፤ እዚሁ ድሬ ነው ገበያው፤
ስሙ ብቻ ነው ቀረጥ ሳይከፍል የገባው።)
ጎኗ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጃፓን» የሚል ተቀርጾባታል፤
መፍቱሃ ግን ፊደሉን ምን ልታደርገው፤ ስለቷ ይበቃታል።

ጃፓን ቡናውን ትወስዳለች፤
መኪና፣ የውሃ ፓምፕ፣ መርፌ ትልካለች።
በግራ የጆንያ ተራራ፣ በቀኝ ጥቂት ሣጥን፤
ሲደመር ሁልጊዜ ቀኙ ይከብዳል፤ አልጠይቅም ምክንያቱን።
ጸሐፊ ነኝ። እደምራለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ድሬ በሙቀት ስትተኛ፣
ሰው ሁሉ ጥላና ጫቱን ይዞ፣ ነቅተን የቀረነው እኛ፣
መፍቱሃ፣ ሚዛን ያዡ ጉሌድ፣ እኔ፣
«መርፌዬ!» አለች። «አቦ፣ አሁን በእጄ ነበረች፣ አሁን በዓይኔ!»
ወለሉን በማግኔት አሰስን፤ ቀሚሷን ደጋግማ አራገፈች፤
ከተሰፉት አርባ ጆንያዎች፣ ካንዱ ሆድ ገብታ ቀረች።
የትኛው? አርባውን ማን ይፍታ? መኪናው ሞተር አስነሥቷል፤
ባቡሩ ሰዓት አለው፤ ጅቡቲ ላይ መርከብ ቆሟል።
ጉሌድ ላቡን ጠረገና፣
«ግመል በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም» አለ፣ «መርፌ ግን በግመል ሆድ ታልፋለች ገና።»

በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ሦስት ገጽ፣ ከነማኅተሙ፣ ከነፎቶ፤
«በጭነታችሁ ውስጥ የተገኘ ባዕድ ነገር» የሚል ርእስ ተሰጥቶ።
በፎቶው ላይ መርፌዋ፣ ከማስመሪያ ጎን ተጋድማለች፤
ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ትንሽ ዝጋለች።
«ባዕድ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤
ጎኗ ላይ ያለውን ፊደል በአጉሊ መነጽር ፈለግኩት።
አለ።
አገሯ ነው እኮ የገባችው፤
ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ማን ናት ያላት የገዛ ቤቷ ሰው ነው።

መፍቱሃን ጠርቼ ነገርኳት፤ ቅጣቱን፣ ከደሞዟ የሚቆረጠውን።
ፎቶውን ተቀብላ አራቀች፣ አቀረበች፣ አጠበበች ዓይኗን።
«እሷው ናት» አለች። «ቀዳዳዋ ላይ ያለው የኔ ክር ነው።
ከስታለች።»
ቆየችና፦ «ይመልሱልኝ በላቸው። እምቢ ካሉ ዋጋዋን፤ ሠላሳ ብር ነው።»

ያን ማታ መዝገቡን ገለጥኩ።
ስትገባ፣ ከሺህ እኅቶቿ ጋር፣ በአንድ ሣጥን ደምሬያታለሁ፤
ስትወጣ ግን የት ልጻፋት? ግራው ዓምድ «ቡና» ይላል፤ በቡና ስም መዋሸት እፈራለሁ።
ቶኑ ከቶኑ፣ ዶላሩ ከዶላሩ፣ ተሰልቶ ተዘግቷል፤
አዲስ አበባ ያሉት ፈርመውበት፣ ማዶም ፈርመውበታል።
ቀዩ መስመር ላይ፣ ግራም ቀኝም ባልሆነው፣
ክር የምታህል ቦታ አገኘሁ፤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣ የሚጠፋ ነው፦
«መርፌ፣ አንድ። ወደ አገሯ ተመላሽ።
ላኪ፦ መፍቱሃ ኢብሳ። ድሬዳዋ።»

ጠዋት ስገባ ቀድማኛለች።
አዲሷን መርፌ፣ በጥቁር ክር፣ ከእጇ አንጓ ጋር አስራለች።