ጀርባውስ?

ነሐሴ ነው፣ ኮምቦልቻ። ቦርከና ሞልቶ ያገሳል፤
መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ ስልኬ ግን ጥቂት ይዟል።
እናቴ ሉባባ ትጠጋኛለች፣ መነጽሯን አጥልቃ፤
«እስቲ ያየሽውን አሳዪኝ» ትለኛለች፣ ሻሿን አጥብቃ።

ከየት ልጀምርላት?

የሄድኩት ለሽመና ማሽን ነው፣ ሦስት ወር ለሥልጠና፤
አንድ እሁድ ዝናብ አባረረኝ፣ ጃንጥላ አልያዝኩምና።
ከአንድ ሙዚየም ደጅ ተጠጋሁ፤
ዘበኛው «ዛሬ በነጻ ነው» አለኝ፣ ገባሁ።

ባሮክ የሚለውን ቃል
ያነበብኩት እዚያው ነው፤ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።
ስለ ቅርጻ ቅርጽ ምንም አላውቅም፤ የማውቀው ጨርቅ ነው፤
መጀመሪያ ያየሁትም ጨርቅ ነው፣
የድንጋይ።

አንዲት ሴት፣ ቅድስት ትሁን ንግሥት ያልለየሁላት፣
ነፋስ ቀሚሷን ከኋላ ነፍቶ ከጭኗ ላይ የለጠፈላት፣
አፏ ገርበብ ያለ፣ እንደሚጣራ ሰው፣
አንገቷ ወደ ኋላ፤ ማን ጠርቶ መለሰው?
መስኮቱ ዝግ ነው፤ አዳራሹ ጭጭ።
ይሄ ነፋስ ታዲያ ከየት መጣ?
አወቅኩት። የሐረጎ ነፋስ ነው፤
ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጨርስ፣ ጉም መንገዱን ሲውጠው፣
ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ፣
ሸሚዙን ከጀርባው እንደ ፊኛ የሚወጥረው።

«ስንት ቁጥር ክር ነው?» አልኩ በሆዴ። ፖፕሊን አይደለም፤
ሳቲን እንዳልለው፣ ሳቲን እንዲህ አይታጠፍም፤
ክብደት አለው፣ ግን ይበራል፤
ከዳሩ በሳሳበት ብርሃን ያሳልፋል።

ከጎኗ አንድ ሽማግሌ የጎረምሳ ክንድ ጨብጧል፤
ጣቶቹ ሊጥ ውስጥ እንደገቡ ከሥጋው ሰጥመዋል፤
ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት ሰምበር ያወጣል?

እውነቱን ልንገርሽ እማ፦ አፈርኩላቸው።
ይህ ሁሉ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ መወራጨት፣ ምን ይሆን ያደረሳቸው?
የኛ ሐዘን ተከናንቦ ጥግ ይይዛል፤
ያ ግን ደረቱን ገልጦ ለጎብኚ ይታያል፣
አልኩና
ዋሸሁ።
አክስቴ ዘሐራ ባሏ የተቀበረ ቀን
እንዲህ ነበረች፤ ክንዷ እንዲህ፣ አንገቷ እንዲህ፤
ቀራጺ አልነበረንም እንጂ ያን ቀን።

እናቴ ዝም ብላ ትሰማለች።
የስልኩ ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ፊቷን ይጠርባል።
ሃያ ስድስት ዓመት በፋብሪካው፣ ከመብራቱ ጠረጴዛ ላይ
በፊቷ ያለፈው ጨርቅ ቢዘረጋ ደሴ ደርሶ ይመለሳል።
ጡረታ ወጥታለች፤ ዓይኗ ግን አልወጣም።
ስለ ሴትዮዋ ማንነት፣ ስለ አገሩ፣ አንድም አልጠየቀችም።
«ጀርባውስ?» አለች።
«የምኑ ጀርባ?»
«የቀሚሱ። ፊቱንማ ማን አያሳምር!
የጨርቅ እውነት ከጀርባው ነው፤ አልዞርሽም ነበር?»

ዞሬ ነበር። ረስቼው እንጂ።
በሐውልቱና በግድግዳው መሐል አንገቴን አስግጌ
አይቻለሁ፦ ኋላዋ ሻካራ፣ የመሮ ጥርስ የጋጠው፣
ጸጉሯ ከመሐል የተቋረጠ፣
አንድ የዛገ ብረት ከወገቧ የወጣ፣
አንድ እጥፋት ደግሞ ተጀምሮ
የቀረ።
ለግድግዳ ጥግ ነው የተሠራች፤ ማን ያየኛል ብሎ፣
ወይ መሽቶበት፣ ወይ ሒሳቡ ዘግይቶበት፣ ወይ ክንዱ ዝሎ፣
የዛሬ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት
አንዱ መሮውን ጥሎ ሄዷል።

ይህን ስነግራት ሳቀች እናቴ፣ ከልቧ።
«የሌሊት ፈረቃ ነው!» አለች፤
«አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኋላ
እንዲህ ነበር የጨርቁ ጀርባው፤
እንቅልፍ የነካው።»

ስልኩ ጠፋ።
በጨለማው እጇ መጣ፤ ከዚያ አገር የገዛሁትን ሸሚዝ
ኮሌታውን ገለበጠ፣ ስፌቱን በጣት ጫፍ ዳሰሰ፤
ምንም አላለችም።