ሦስተኛው ዓምድ

ፋርዋኒያ፣ ሌሊት፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ፤
መስታወቱን ይልሳል የነሐሴ ወበቅ።
እኔ ትል እቆጥራለሁ።

«ነጻ ካርድ ደርሶሻል፣ ይህቺን ንኪ» የሚል፣
አንድ መስመር ነገር፣ ከስልክ ስልክ 'ሚዘል፤
ከሐወሊ ጀህራ፣ ከጀህራ ሳልሚያ፣
ይሄዳል ያለ ቪዛ፣ ያለ መታወቂያ።

ሦስት ዓምድ አለኝ፦
ያልተያዙ። የተያዙ። የወጡ።
ድነው ይሁን ጠፍተው፣ ለቀመሩ አንድ ነው፤
ዋናው፣ ሌላ ስልክ ዳግም እንዳይነኩ ነው።

አንድ የተያዘ ስልክ ስንቱን ያስይዛል?
«ሁለት ነጥብ ሰባት» ሂሳቡ ይመልሳል።
ሁለቱስ ይሁኑ፤ ግን ነጥብ ሰባቷ
የማን ልጅ ናት እሷ? የት ቀረ ሦስቷ?

ኩርባው እንቅልፋም ነው ከቅዳሜ ሐሙስ፤
ዓርብ ቀን ይዘላል እንደ በረገገ ፈረስ።
ሻዩን ይዞ በእጁ፣ ባልደረባዬ ቢጁ፣
«ጫጫታ ነው» አለኝ፣ «አለስልሰው።»
አላለሰለስኩትም።

ዓርብን አውቃታለሁ።
ዓርብ ነው የማዳም መሳቢያ 'ሚከፈት፣
ለግማሽ ቀን ያህል ስልኳ 'ሚሰጣት።
ሳምንቱን ታፍኖ የከረመ ሰላምታ፣
እቁቡ፣ መርዶው፣ ሐሜቱ፣ ትሉም በአንድ አፍታ።
ቀመሬስ ምን ይላል፣ ስልኩ ለተቆለፈ?
«የተጠበቀ» ይላል፣ «ከወረርሽኝ የተረፈ።»

አንዲት ቁጥር ነበረች፣ ጫፏ አርባ ስድስት፤
መቶ አሥራ ስምንት ክር የሚመዘዝባት።
ቀመሩ በቀይ ከቦ «አዛማች» ብሏታል።
እኔ ግን፣ ከክሮቹ ባንዱ ጫፍ
የገዛ ቁጥሬን አየሁ ተንጠልጥሎ።

ሸምሲያ ናት፣ የከሚሴዋ።
እቁብ የምትሰበስብ፣
አዲስ መጪን ከኤርፖርት የምትቀበል፣
ከአሠሪ ለሸሸች ፍራሿን የምታካፍል።
ስልኳ ውስጥ የሌለ ማን አለ?
እኔንም ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አርባ ስድስት ዝም አለች።
ከሁለተኛው ዓምድ ወደ ሦስተኛው አለፈች።
ክሩ ሁሉ ላላ። ኩርባው ጎበጠ፣ ወረደ።
ቢጁ አጨበጨበ። አለቃችን ብቅ ብሎ አየና
«ሞዴሉ ከዳታው ጋር ግጥም አለ» አለ፤ ተደሰተ።

የወጡ፦ አንድ።
ታክማ ይሁን፣ ተይዛ፣ ወይ ሲሟን ሰብራ፣
ወይ በአንድ ሻንጣ፣ በውድቅት በረራ፤
ለዚህ ዓምድ አልሠራሁም።

ከደረጃው ሥር፣ ከኤሲው ጠብታ አጠገብ ቆሜ
ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሦስተኛው ሳይሞላ፣
ነጥብ ሰባት ላይ ሲደርስ፣ ተቆረጠ።
ከመሳቢያ ውስጥ ይሁን፣ ከባሕር ወዲያ፣
አላወቅሁም።

ነገ ዓርብ ነው።