ኬላ

ሳቢያን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።
ሙቀቱ ቀድሞኝ ገብቶ ተቀምጧል በየወንበሩ፤
ሃያ ሁለት ኮምፒውተር፣ አስራ ዘጠኙ የሚሠሩ፣
አንድ ቬንቲሌተር አንገቱን ግራ ቀኝ እያዞረ
“አይሆንም፣ አይሆንም” ሲል ያደረ።
እኔ ነኝ የዚህ ክፍል ዘበኛ፤
ትናንት አርባ ስም ቆልፎ የተኛ።

ዛሬ አርባ አንደኛው መጥቷል፤
ስሙን ቀይሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ “ሒሳብ” ተብሏል።
“ወርያ፣ ምንድን ነው ይሄ?” ብዬ ብጠጋ
“አቦ ቲቸር፣ ማባዛት ነው!” ይላል ሙርሰል፣ ድምፁ የተረጋጋ።
ማባዛቱ ውስጥ አንድ ቀይ መኪና
ከገደል ገደል ይዘላል፣ ጎማው ሳይነካ ጎዳና።

ርዕሰ መምህሩ “ቃሉን ዝጋው፣ ከነሥሩ!” አሉ።
ዘጋሁ።
“ጨዋታ” ስል፣ የሠርግ ጨዋታ ከአማርኛው ትምህርት ጠፋ፤
“ሩጫ” ስል፣ የስፖርቱ መምህር ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ ተከፋ፤
“ዝላይ” ስል፣ እንቁራሪቷ ከባዮሎጂ ወጥታ ሄደች።
መኪናው ብቻ አለ፣ ራሱን “የቤት ሥራ” ብሎ፣
ማርሽ ለውጦ፣ ጥጉን ይዞ፣ ተደላድሎ።

ደቻቱን በበጋ ያየ ይሄን ያውቃል፤
አሸዋው ላይ ገበያ ቆሞ፣ ግመል ተኝቶ፣ “ውሃ የለም” ይባላል፤
ውሃው ግን አለ። ከሥር፣ ዝም ብሎ፣ ይሄዳል።

እናቴ የባቡር ነጋዴ ነበረች።
ስትሄድ አንድ ሴት፣ ከደወሌ ስትመለስ ሦስት ታክላለች፤
ከቀሚስ ሥር ቀሚስ፣ ከሻሽ ሥር ሻሽ፣
ወገቧ ላይ የተጠመጠመ ስምንት ሜትር ፖሊስተር፣
በሙቅ ውሃ ጎማ ውስጥ ሽቶ።
ሽንሌ ላይ ፊናንሱ ሲወጣ፣
በቀጭን ዘንጉ ጆንያ እየወጋ ሲመጣ፣
ጭኔን ቆንጠጥ ታደርገኛለች፣ በስሱ።
ያኔ ነው ሥራዬ። አለቅሳለሁ፤ ይሰለቸዋል ፊናንሱ።
“አንቺ፣ ዝም አሰኚው!” ብሎ ያልፋል።
ያልፋል።
እኔም ጆሮዬን ደረቷ ላይ ስጥል
ሰባት የእጅ ሰዓት፣ እንደ ሰባት ልብ፣ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት።
ከፊት የተቀመጠችው ሒንዲያ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ አስነጠሰች።
አንዴ አይደለም። ሦስቴ።
ከኋላዋ አስራ ስምንት መስኮት ባንድ ጊዜ ተለወጠ፤
አስራ ስምንት ቅጠል የፀሐይ ብርሃን እየበላ ተቀመጠ።
“ፎቶሲንተሲስ” አለኝ ሙርሰል፣ ሳልጠይቀው።
ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ።
ልጅቷን አየኋት። ፊቷ ላይ ጉንፋን የለም።
ያን ማስነጠስ አውቀዋለሁ፤ ጭኔ ላይ ነው፣ እስካሁን አልዳነም።
“ይማርሽ” አልኳት።
ሁለቱንም ማለቴ ነበር።
“ያኑርዎ” አለች፣ አቀርቅራ።

ማታ፣ መዝገቤ ላይ የመኪናውን አዲስ ስም ጻፍኩ።
ዘጋሁት፤ ሥራዬ ነው፣ ደሞዝ እበላበታለሁ።
ከመዝጋቴ በፊት ግን አምስተኛው ገደል ድረስ ነድቻለሁ፤
እዚያ ወድቄያለሁ።

ቅዳሜ ገንደ ቆሬ፣ እናቴ ጋ።
ጉልበቷን በቅባት እያሸች፣ እግሯን ዘርግታ፣
“ቆይ፣ ሥራህ ግን ምንድን ነው?” አለችኝ፣ ለመቶኛ ጊዜ።
“ኬላ እጠብቃለሁ” አልኳት።
ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳል እስኪይዛት፤
“ፊናንስ ወልጄ ኖሯል!”
ከዚያ ዝም አለች። ቅባቱን ከደነች።
“ያልፋሉ?”
“ያልፋሉ።”
“ጎሽ” አለች፣ ወደ በሩ አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
“የማን ልጆች ናቸው?”